ስድስት ጅብ በአንድ ተዋጊ ላይ

ይህች ጽሑፍ ስለ ጨዋታ ናት። "የስታቲስቲክስ ተማሪ ቡሌቲን ላይ ጨዋታ ምን ይሠራል?" የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ታገሱኝና ፍርዱን ያኔ ስጡ። እኔ በበኩሌ ስለ አማካይና ስለ ቫሪያንስ ክፍል ውስጥ ከተማርኩት የማይተናነስ ነገር በዶርም ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ተምሬአለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነገሩ የጀመረው አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ነው። አሶሳን ዝናብ ሲይዛት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚዘራ ይመስላል፣ ትንሽ ቆይቶ መብራት ይሄዳል። ያን ቀን ማታም እንደዚያው ሆነ። አራት ሆነን ዶርም ውስጥ ተቀምጠናል። ካርታ ሰልችቶናል፣ ወሬም አልቆብናል፣ ቻርጅ ያለው የእኔ ስልክ ብቻ ነው። ስልኬ ላይ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም የላከልኝ አንድ ፒዲኤፍ ነበር፤ "ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ" የሚባል ጨዋታ ሕግ።

ለማያውቁት ላስረዳ። ጨዋታው ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ነው። አያቶቻችን ተረት ሲነግሩን እኛ ቁጭ ብለን እንሰማለን፤ እዚህ ግን ሰሚው ራሱ ተረቱ ውስጥ ይገባል። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ አገሩን፣ መንገዱን፣ ጠላቱን ያመጣል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆኑና "እኔ በሩን እሰብራለሁ"፣ "እኔ እሸሻለሁ" ይላሉ። መሳካት አለመሳካቱን የሚወስነው ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ነው። እኔ እጅ የገባው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአምስተኛው እትም መሠረታዊ ሕግ ሲሆን አሳታሚው በነጻ የለቀቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የተሻሻለ እትም ወጥቷል፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ግን ሁሉም ከ2014ቱ ናቸው።

ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ከየት ይምጣ? አሶሳ ሱቅ ውስጥ የሚገኘው የሉዶ ዳይስ ነው፤ ስድስት ገጽ። መፍትሔውን ያመጣው አንዱ ጓደኛችን ነው። ከሻይ ቤት ሃያ የለስላሳ ቆርኪ ለቅሞ መጣ፣ በማርከር ከ1 እስከ 20 ጻፍንባቸውና ንጹሕ ካልሲ ውስጥ ከተትናቸው። (ንጹሕነቱን ባለቤቱ ይመስክር።) ዓይንህን ጨፍነህ አንድ ታወጣለህ፤ የወጣው ቁጥር ዕድልህ ነው።

ተጫዋቾቹ ሦስት ናቸው። አንዱ አስማተኛ ሆነ፣ አንዱ የሚፈውስ ካህን ሆነ። ሦስተኛው፣ ከካማሺ ዞን የመጣው ጓደኛችን፣ ተዋጊ መረጠ። "ለምን?" ስንለው "የሚነበብ ነገር የለበትም፤ ጋሻና ጎራዴ፣ በቃ" አለ። ሳቅን። ምክንያቱ ያ እንዳልነበረ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

የመጀመሪያው ውጊያ

አገሩን እዚሁ አደረግኩት። የማንጎ ዛፍ፣ የቀርከሃ ጫካ፣ የዳቡስ ወንዝ። መጽሐፉ ውስጥ ለጀማሪ የሚመከር "ጎብሊን" የሚባል ትንሽ ጠላት አለ። "ጎብሊን ደግሞ ምንድን ነው? ጅብ አድርገው!" አሉኝ። እሺ አልኩ። ቁጥሩ የጎብሊን፣ ስሙ የጅብ ሆነ። እናም በመጀመሪያዋ ሌሊት ቀርከሃው ውስጥ ስድስት ጅብ አወጣሁባቸው።

ስድስት ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም፤ አስልቼ ነው። መጽሐፉ ለእያንዳንዱ ጠላት ነጥብ ይሰጣል፤ አንድ ጎብሊን 50 ነው። ስድስት ሲሆኑ 300። ለአንድ ጀማሪ ተጫዋች "ገዳይ" የሚባለው ውጊያ ከ100 ነጥብ ይጀምራል፤ ለሦስት ጀማሪ 300። "እንግዲያው ድንበሩ ላይ ነን፤ ከባድ ቢሆንም ይወጡታል" አልኩ በልቤ።

አልተወጡትም። ተዋጊያችን እንደ ወጉ ከፊት ቆመ። ጅቦቹ ከበቡት። ሁለተኛው ዙር ሳያልቅ ወደቀ። ካህኑ ሊያነሳው ሲሮጥ እሱም ወደቀ። አስማተኛው ዛፍ ላይ ወጣ። በመጨረሻ እኔው አፈርኩና "ጎሕ ቀደደ፣ ጅቦቹ ሸሹ" አልኩ። ተዋጊው ቀና ብሎ አየኝና "ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ?" አለኝ።

በነጋታው ወረቀት አውጥቼ ቁጭ አልኩ። ተዋጊው ጥሩር ለብሷል፣ ጋሻ ይዟል፤ የመከላከያ ቁጥሩ 18 ነው። ጅቡ ባወጣው ቆርኪ ላይ 4 ይደምራል። ስለዚህ ለመንከስ 14ና ከዚያ በላይ ማውጣት አለበት፤ ከ14 እስከ 20 ሰባት ቁጥር ነው፣ ከሃያ ሰባት፣ 35 በመቶ። ይህ ለአንድ ጅብ ትንሽ ነው። አንድ ንክሻ በአማካይ 5.5 ነጥብ ይጎዳል፤ ስለዚህ አንድ ጅብ በአንድ ዙር የሚያደርሰው ጉዳት በአማካይ 0.35 ሲባዛ በ5.5፣ ወደ 1.9 ገደማ ነው። ስድስት ሲሆኑ ግን 11.5 ይደርሳል። የተዋጊው ነፍስ ስንት ነበር? 12!

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው። ለካ መጽሐፉም ተረቱን ያውቀዋል። እኔ ሳላነብ ያለፍኩት ገጽ ላይ "ጠላቶቹ ከሦስት እስከ ስድስት ከሆኑ ነጥባቸውን በሁለት አባዛ" ይላል። የእኔ 300 በእውነቱ 600 ነበር፤ የገዳዩ ውጊያ እጥፍ። ምክንያቱም ስድስት ጅብ ማለት በየዙሩ ስድስት ጊዜ የሚናከስ ማለት ነው፤ ተዋጊው ግን ጎራዴውን የሚያነሳው አንድ ጊዜ ነው። ቁም ነገሩ የጠላት ጉልበት ሳይሆን የተራው ብዛት ነው።

አንድ ሌላ ጥፋትም ነበረብኝ፤ ይህንን ስናገር መምህራኖቻችን ይቅር ይበሉኝ። የወጣውን ቆርኪ ወደ ካልሲው ሳልመልስ ጎን አስቀምጠው ነበር። ጅቦቹ መጀመሪያ ላይ ትንንሾቹን ቁጥሮች አውጥተው ስለጨረሱ፣ በሁለተኛው ዙር ካልሲው ውስጥ የቀረው አብዛኛው ትልልቁ ነበር። ያ 35 በመቶ ያልኩት ከመጀመሪያው ቆርኪ በኋላ 35 አልነበረም። በመመለስና ባለመመለስ መካከል ያለውን ልዩነት በአንደኛ ዓመት ፈተና ላይ በትክክል መልሼ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ዶርም ውስጥ ግን በእሱ ምክንያት ሰው አስበላሁ።

ሚዛን ማለት እኩልነት አይደለም

ልጅ ሆኜ ታላቅ ወንድሜ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ገበጣ ያጫውተኝ ነበር። ገበጣ ፍትሐዊ ነው፤ በየጉድጓዱ እኩል ጠጠር ነው፣ ለእሱም ለእኔም። ሆኖም ሁልጊዜ የሚያሸንፈው እሱ ነው። ሰንጠረዥም እንደዚሁ ነው። ድሮ በአገራችን ይጫወቱት በነበረው ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ "ወረራ" የሚባል ነገር ነበር፤ ተራ ሳይጠብቁ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ይህም ትርምስ ቢመስልም ለሁለቱም የተፈቀደ ስለሆነ ፍትሕ አለው።

በእኛ ጨዋታ ግን ተራኪው ተጋጣሚ አይደለም። እኔ ከፈለግኩ መቶ ጅብ ማምጣት እችላለሁ፤ ማን ይከለክለኛል? ስለዚህ ሚዛን ማለት ሁለቱን ወገን እኩል ማድረግ አይደለም። ተጫዋቹ ሊያሸንፍ የሚችል፣ ነገር ግን ማሸነፉን ቀድሞ የማያውቅ እንዲሆን ማድረግ ነው። ይህንን ስረዳ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩ።

ሁለተኛው ጥፋት

ሦስተኛ ደረጃ ላይ ሲደርሱ ተዋጊያችን በረታ። በሚያወጣው ቆርኪ ላይ 5 ይደምራል። መከላከያው 11 የሆነ ጠላት ካመጣሁ 6ና ከዚያ በላይ ካወጣ ይመታዋል፤ 75 በመቶ። "ይሄማ በጣም ቀለለው" ብዬ የጠላቶቹን መከላከያ 18 አደረስኩት። አሁን 13ና ከዚያ በላይ ማውጣት ግድ ሆነበት፤ 40 በመቶ።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ሦስት ዙር በተከታታይ ሳተ። መጥፎ ዕድል ነው እንዳትሉኝ። በእያንዳንዱ ዙር የመሳት ዕድሉ 0.6 ከሆነ፣ ሦስቴ በተከታታይ የመሳት ዕድሉ 0.6 ሦስት ጊዜ ሲባዛ 0.216 ነው። ከአምስት ውጊያ በአንዱ ይህ ይደርስበታል ማለት ነው። አስማተኛው በበኩሉ ምንም አልተሰማውም። ብዙዎቹ ድግምቶቹ የጠላትን ጥሩር አይጠይቁም፤ ጠላቱ ራሱ ነው ቆርኪ አውጥቶ ለማምለጥ የሚሞክረው። ለሁሉም ከበድ ላድርገው ብዬ ያደረግኩት ነገር ያከበደው ለአንዱ ብቻ ነበር። ለሦስት ተማሪ ፈተና አወጣለሁ ብሎ የአንዱን ወረቀት ብቻ ማክበድ ማለት ነው።

በዚያ ላይ ደግሞ በአንድ ቀን አንድ ውጊያ ብቻ ነበር የማመጣው። ሦስተኛ ደረጃ ያለ አስማተኛ በቀን ስድስት ጊዜ ድግምት መጣል ይችላል፤ አንድ ውጊያ ብቻ እንዳለ ካወቀ ስድስቱንም እዚያው ያፈሰዋል። ተዋጊው ግን አሠራሩ ሌላ ነው። ትንፋሽ ሰብስቦ ነፍሱን የሚመልስበት ችሎታ አለው፤ በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ የሚሠራበትም አለው። እነዚህ አንዳንድ ጊዜ ብቻ የሚሠሩ ናቸው፤ ነገር ግን የአንድ ሰዓት ዕረፍት ካገኘ ይመለሱለታል። መጽሐፉ የሚያስበው በቀን ከስድስት እስከ ስምንት መካከለኛ ወይም ከበድ ያሉ ግጥሚያዎች፣ በመሃል ሁለት አጫጭር ዕረፍቶች ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ከሰዓት በኋላ የአስማተኛው ኪስ ይራቆታል፣ ተዋጊው ግን እንደ ቆመ ነው። እኔ በቀን አንድ ውጊያ በማድረግ የእሱን ሰዓት ሰርዤበት ነበር።

ተዋጊያችን አላጉረመረመም። ጸባዩም አይደለም። ብቻ እየቆየ ዝም ማለት ጀመረ። ተራው ሲደርስ "እመታለሁ" ይላል፣ ቆርኪ ያወጣል፣ "ሳትኩ" ይላል፣ ስልኩን ያያል። ዝምታውን እንደ እንቅልፍ ቆጠርኩት።

ሦስተኛው

ይህንን ክፍል ልጻፈው አልጻፈው ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። ጓደኛዬን ጠይቄው "ጻፈው፣ ስሜን ግን ተወው" ብሎኛል።

ስህተቴን ለማረም ተዋጊውን የሚያስፈልግ ትልቅ ውጊያ አዘጋጀሁ። ሌሊት ነው፤ ሽፍቶች መንደር ገብተዋል፤ ቤት እየተቃጠለ ነው፤ ሰው ይሸሻል። ቁጥሩን በደንብ ሠርቼዋለሁ፤ በሁለትም አባዝቻለሁ። መተረክ ጀመርኩ። ሣር ቤቱ እንዴት እንደሚነድ፣ እናቶች ልጅ አዝለው ወደ ጫካ እንዴት እንደሚሮጡ፣ አሳምሬ ተረኩት። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ማሳመሬ ነው።

ተራው የእሱ ነበር። ካልሲውን ስዘረጋለት አልተቀበለኝም።

"ይሄን ነገር እኔ አይቼዋለሁ" አለ። "ጨዋታ አይሆነኝም።"

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በካማሺ ዞን በተነሳው ግጭት ብዙ ሕዝብ ከቀዬው መፈናቀሉን ሁላችንም ሰምተናል። እሱ ያኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። እናቱና ታናናሾቹ ጋር በሌሊት ወጥተው በእግራቸው መሄዳቸውን ያን ቀን ማታ ነው የነገረን። ሁለት ዓመት አንድ ዶርም ስንኖር ነግሮን አያውቅም፤ እኛም ጠይቀነው አናውቅም። ማን ማንን እንደወጋ አላወራም። የነገረን ስለ ታናሽ እህቱ ጫማና ጨለማ ውስጥ ስለተሻገሩት ወንዝ ብቻ ነው።

ማናችንም ምን እንደምንል አላወቅንም። ዝናቡ ብቻ ነበር የሚሰማው። በኋላ ካህን የነበረው ልጅ ሻይ አፈላ። ሲጠጣ ቆይቶ ተዋጊያችን እንዲህ አለ፦

"እኔ ተዋጊ የመረጥኩት ለመግደል አይደለም። መሃል የሚቆመው እሱ ስለሆነ ነው። ያኔ መሃል የሚቆም ሰው ቢኖረን ብዬ ነው።" ቀጠለና "ተዋጊ ሁልጊዜ መግደል አለበት እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ።

መልስ አልነበረኝም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ። እኔ ለወራት ሳደርገው የነበረው ይኸው ነበር። ከፊት የሚቆም ሰው ሰጥቼ፣ ከኋላው ያሉትን እንዲያስጥል ግን አንድም ጊዜ ዕድል አልሰጠሁትም። ስንት እንደሚመታ ሳሰላ ለማን እንደሚቆም አስቤ አላውቅም።

ድልድዩ

ከሳምንት በኋላ እንደገና ተቀመጥን። መጀመሪያ ጠየቅኩት፤ "ምን ይሁን?"

"ጅብ ይሁን" አለ። "ሰው አይሁን።"

ዳቡስ ሞልቷል። ላዩ ላይ ጠባብ የቀርከሃ ድልድይ አለ። የአንድ መንደር ሰው ልጆቹንና ከብቶቹን ይዞ ወደ ማዶ ይሻገራል፤ ተሻግሮ ለመጨረስ ስድስት ዙር ይፈጃል። ከኋላቸው አሥራ ሁለት ጅብ ይመጣል። ያ የመጀመሪያው ሌሊት ጅብ፣ ቁጥሩ ሳይለወጥ፣ ብዛቱ እጥፍ። ማሸነፍ ማለት ጅብ መጨረስ አይደለም፤ ሰው ማሻገር ነው።

ልዩነቱ ድልድዩ ነው። ጠባብ ስለሆነ ከሁለት ጅብ በላይ አንድ ላይ አይደርሱበትም። ሁለት ጅብ በአንድ ዙር በአማካይ 3.85 ይጎዳሉ፤ በስድስት ዙር 23 ገደማ። ሦስተኛ ደረጃ ላይ የተዋጊያችን ነፍስ 28 ነው። በሜዳ ላይ ስድስቱ ቢከቡት ሦስት ዙር አይሞላም ነበር፤ እዚህ ግን ስድስት ዙር ሊቆም ይችላል። ሊቆም ይችላል ነው ያልኩት። 23 አማካይ ነው፤ አማካይ ደግሞ ለማንም ቃል አይገባም። ይህንን የማይረሳ ተራኪ ጥሩ ተራኪ ይመስለኛል።

እሱ ግን እኔ ያላሰብኩትን አደረገ። ተራው ሲደርስ "አልመታም፤ እከላከላለሁ" አለ። ሕጉ ላይ አለ፤ ማንም ተጫዋች በተራው ከመምታት ይልቅ መከላከልን መምረጥ ይችላል። ያኔ ጠላቱ ሁለት ጊዜ ቆርኪ አውጥቶ ትንሹን ይወስዳል። የመነከስ ዕድሉ 0.35 ሲባዛ በ0.35 ሆነ፤ 12 በመቶ ገደማ። የስድስቱ ዙር ጉዳት ከ23 ወደ 8 ወረደ። ለወራት "እመታለሁ፣ ሳትኩ" ሲል የነበረው ልጅ ሕጉን ከእኔ በላይ አንብቦት ኖሯል።

ስድስት ዙር አንድም ጊዜ ጎራዴ አላነሳም። አስማተኛው ከኋላው ሆኖ እሳት ይወረውራል፣ ካህኑ ሕፃናቱን ይቆጥራል። አራተኛው ዙር ላይ አንድ ጅብ 20 አወጣ፤ ሁላችንም ጮኽን፤ ሁለተኛውን ሲያወጣ 3 ሆነ። በስድስተኛው ዙር የመጨረሻዋ ልጅ ተሻገረች። እሱም ወደ ኋላ እየተራመደ ተሻገረና የድልድዩን ገመድ ቆረጠ። ነፍሱ 17 ቀርቶ ነበር።

ካልሲውን አስቀመጠና ሳቀ። ስቆ ሲጨርስ ፊቱን በክንዱ ጠረገው። ማናችንም አላየንም።

ለዲፓርትመንታችን ጓደኞች

ትምህርቱን ላጠቃልለው። አንደኛ፣ ብዙ ደካማ ጠላት ከአንድ ኃይለኛ ጠላት ሊከፋ ይችላል፤ ተራ ቁጠሩ። ሁለተኛ፣ ተዋጊን ለመፈተን የጠላትን ጥሩር ብቻ አታክብዱ፤ እሱን ለይታችሁ ትቀጡታላችሁ። ሦስተኛ፣ ቀኑን አስረዝሙለት፣ የሚቆምበት ጠባብ ቦታ ስጡት፣ የሚጠብቀው ሰው ስጡት። አራተኛ፣ ቆርኪውን ወደ ካልሲው መልሱ! ከሁሉም በፊት ግን ከመጀመራችሁ በፊት ሰዉን ጠይቁት። ምን ይሁን፣ ምን አይሁን። ይህኛው ቀመር የለውም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚፈጀው። እኔ ለመጠየቅ ወራት ፈጀብኝ።

ዘንድሮ ቦታ ተቀያይረናል። ተራኪው እሱ ነው፤ ተዋጊው እኔ። ባለፈው ቅዳሜ በመጀመሪያው ሌሊት ቀርከሃው ውስጥ ስድስት ጅብ አወጣብኝ። "ኧረ በናትህ፣ በሁለት ማባዛቱን አንብበሃል?" አልኩት።

"አንብቤአለሁ" አለኝ። "ዙሪያህን እይ፤ ጠባብ ቦታ ፈልግ።"

መጫወት የምትፈልጉ ቅዳሜ ማታ ዶርማችን ብቅ በሉ። ቆርኪ አለን፤ ሻይና ስኳር ግን ይዛችሁ ኑ።